ማንጎውን አስቆርጠው የሲሚንቶ ማንጎ ላቆሙልን ሰብሳቢ

ለተከበሩ የርዕሰ ከተማችን መስህቦች አስዋቢ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነስቼ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? ያን ሁሉ የመሠረት ድንጋይ ጎንበስ ቀና እያሉ ሲያስቀምጡ የከረሙ ሰው ስለሆኑ እንዲያው ወገብዎ ያሳስበኛል። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ወንድምና እህቶችዎ ሁሉም አካላቸው ሳይጎድል በሰላም እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። አካላቸው ሳይጎድል ማለቴ ቅር አይበልዎት፤ እኛ ሰፈር ሰው ሲገናኝ የሚጠያየቀው እንዲህ ነው፣ ምክንያቱንም ደብዳቤዬን እስከ ታች ካነበቡልኝ ይረዱታል።

እኔ ይታይሽ እባላለሁ። በልጅነቴ ቤተሰቦቼ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ ይዘውኝ መጥተው እዚሁ አሶሳ ዳር ያደግሁ፣ የወለድሁ፣ የቀበርሁም ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት በታላቅ ደስታ ነው። «የርዕሰ ከተማችን ሰባት ድንቆች» የሚለውን ባለ ቀለም መጽሔትዎን ካነበብሁ ወዲህ ደስታው ስላላስተኛኝ፣ ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ ብዬ ብዕር አነሣሁ። እንዚ ተራራ መጽሔቱ ውስጥ አለመግባቱ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር፤ ኋላ ግን ተራራውን እግዜር እንደሠራውና ሪባን የሚቆረጥበት ቦታ እንደሌለው አስታውሼ ተጽናናሁ። ውኃ የሌለውን ፏፏቴም በአራተኛ ድንቅነት ስላስገቡልን እናመሰግናለን፤ ውኃ የሌለው ፏፏቴ በእውነትም ድንቅ ነው። የእኔ ጉዳይ ግን በፊት ገጽ ላይ ስላወጡት ስለ አንደኛው ድንቅ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ማንጎው።

በሰፈራ መንደራችንና ከእኛ በፊት እዚህ በነበሩት በእነ ዓብዱልላጢፍ መንደር መካከል፣ መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ላይ አንድ ትልቅ ማንጎ እንደነበር ያውቃሉ፤ ቆራጩን የላኩት እርስዎ ስለሆኑ አያውቁም ለማለት አልደፍርም። ሥሩ ገበያ ይቆም ነበር። ከተማዋ እየሰፋች መጥታ ሁለቱንም መንደሮች ስትውጣቸው ያ ቦታ አደባባይ ሆነ፣ እርስዎም አደባባዩን የከተማዋ መለያ አደርገዋለሁ ብለው ተነሡ። ከዚያ ዛፉን አስቆርጠው፣ በዛፉ ቦታ ላይ ፎቅ ቤት የሚያህል የሲሚንቶ ማንጎ አቆሙልን፤ ቢጫ ቀለም አስቀቡት፣ ጉንጩንም ቀላ አስደረጉት። አሶሳ በማንጎ ትታወቃለችና እንግዳ ሲመጣ ማንጎ ይይ ማለትዎ አይደል? እንግዳው የሚበላውን ማንጎ በየሰው ደጅ ከሚያይ ይልቅ የማይበላውን አደባባይ ላይ ቢያይ ይሻለዋል። ይኸኛው አይበሰብስም፣ ዝንብ አይጠራም፣ ልጆች አይወጡበትም። ጥላም ቢሆን የለውም አልልም፤ ከቀትር በኋላ ለአንድ ቀጭን ሰው የሚበቃ ይጥላል።

ሁለተኛ፣ ስለ ድንጋዮቹ።

ከዛፉ ግንድ ሥር የድንጋይ ክምር ነበር። ከሁለቱ መንደሮች የሆነ ሰው በዚያ ሲያልፍ አንዲት ድንጋይ አንሥቶ ከክምሩ ላይ ያኖራል፤ ሠርግ የሚሄደውም ለቅሶ የሚሄደውም፣ ሽንኩርት የተሸከመችውም ሳትቀር። ግብረ ኃይልዎ ይህን ክምር «ደረቅ ቆሻሻ» ብሎ በገልባጭ መኪና አስጫነና በየመንገዱ ጉድጓድ አስሞላበት። ስለ መንገዱ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ድንጋዩ ለምን እንደተከመረ የጠየቀ ሰው ባለመኖሩም እናንተን አልወቅስም። ሰው የሚጠይቀው ማወቅ ሲፈልግ ነው።

ሦስተኛ፣ ድንጋዩ ምን ላይ እንደተከመረ።

መጽሔትዎ «ታሪካዊ ዳራ» በሚለው ሥር ሁለት መስመር ብቻ ጽፎ ስላለፈው፣ እኔ በነፃ ላሟላልዎት። ለሚቀጥለው እትም ይጠቅምዎታል።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ማስረሻ የሚባለው የታላቅ ወንድሜ ከብቶች የዓብዱልላጢፍ ማሽላ ውስጥ ገቡ። ማሽላው ሊታጨድ የደረሰ ነበር። ወንድሜ ከብቶቹን ሊያወጣ ሄደ፣ ዓብዱልላጢፍም ከብቶቹን ሊይዝ መጣ፣ ተሰዳደቡ። ማስረሻ በዱላ ጀመረ፤ ዓብዱልላጢፍ በገጀራ ጨረሰ። ገጀራው በአንገቱና በትከሻው መካከል ገብቶ ነበር። ወንድሜ በማሽላው ውስጥ እየተንፏቀቀ ወደ ቤቱ ለመምጣት ሞክሮ መንገድ ላይ ቀረ፤ ያለፈበት አገዳ ሁሉ ቀልቶ ስለነበር እሱን መፈለግ አላስቸገረንም። ሚስቱ ብሩክታይት የመጀመሪያ ልጇን እርጉዝ ነበረች።

ዓብዱልላጢፍ እጁን ሰጥቶ ታሰረ። ታናሽ ወንድሜ አንለይ ግን እስር ቤት ያለን ሰው መግደል ስለማይቻል የሚቻለውን ፈለገ፤ የዓብዱልላጢፍን የመጀመሪያ ልጅ ወንዝ ዳር ብስክሌቱን ሲያጥብ አገኘው። ከኋላው ሄዶ ማጅራቱን በመጥረቢያ መታው። ልጁ ውኃው ውስጥ በፊቱ ተደፋ፣ የብስክሌቱ ጎማ ግን ለብዙ ጊዜ መሽከርከሩን አልተወም ይላሉ ያዩ ሰዎች። የልጁን ስም አልጽፍልዎትም። በደንባችን የገዳይ ወገን የሟችን ስም አይጠራም፤ ያን ስም እናቱ ኢቲዳል ትጥራው።

ከዚያ በኋላ የነበረውን በዝርዝር ባወራ መጽሔትዎ ያብጣል። ከእኛም ወገን ቤት ተቃጠለ፣ ከእነሱም ወገን ተቃጠለ። ጥማድ በሬ ቋንጃው ተቆረጠ። ሴት ብቻዋን ውኃ መቅዳት ቀረች። ወንዶቹ ሽንት ቤት ሲሄዱ እንኳ ገጀራ ይዘው ነበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና።

በመጨረሻ ከእኛ በኩል ደም አድራቂ የምንላቸው አስታራቂዎች፣ ከእነሱም በኩል ሽማግሌዎቹና ሼሆቹ ያን ማንጎ ሥር ተቀመጡ። ከወሎ ይዘነው የመጣነውን ደንብና እዚህ ያገኘነውን ደንብ አገናኝተው አንድ አዲስ ደንብ አወጡልን፤ ከዚያም ወዲህ እኛ የምንተዳደረው በዚያ ነው። የገደሉት ብረቶች ሳይታጠቡ፣ ደማቸው እንደደረቀባቸው ይቀበራሉ። ጉድጓዱን የሚቆፍሩት ሴቶች ናቸው፣ በእጃቸው። ኢቲዳልና እኔ ቆፈርን። እሷ የወንድሜ ገዳይ ሚስት፣ እኔ የልጇ ገዳይ እህት፣ በአንድ ጉድጓድ ላይ ግንባራችን እየተጋጨ ጥፍራችን እስኪነቀል ቆፈርን። ገጀራውን እኔ አስገባሁ፣ መጥረቢያውን እሷ አስገባች። ከዚያ ሁሉም ማለ፦ ይህ ብረት ፀሐይ ካየ እርቁ ፈርሷል፣ ያወጣውም ሰው ደሙን ይሸከም። ድንጋዩም ያ ብረት እንዳይወጣ የተጫነ ነው። አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንግዲህ ለዓመታት እያገዘን ነበር።

ዓብዱልላጢፍ እስራቱን ጨርሶ ወጣ፣ አንለይም እንዲሁ ታስሮ ወጣ። አንዱ ሌላውን ሲያገኝ መንገድ ይለቃል። ወዳጆች ሆኑ ብዬ አልዋሽዎትም፤ ኢቲዳልና እኔ ግን ወዳጆች ነን።

አራተኛ፣ ስለ ሕዝባዊ ውይይቱ።

ስለ አደባባዩ በጠሩን ውይይት ቀን ኢቲዳል እጇን አውጥታ እንደነበር ያስታውሳሉ? ከፊት የተቀመጠችው፣ ድምፅ ማጉያውን የሚነድ ገለባ እንደያዘ ሰው ከአፏ አርቃ የያዘችው። ኢቲዳል አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት፣ ትንሽና ትልቅ አትለይም፤ ለእኔም «አንተ ይታይሽ» ነው የምትለኝ፤ ስለዚህ አንቱ ስላላለችዎ ይቅር ይበሏት። ያለችው ይህ ነበር፦ «ጌታው፣ እዛ ሥር አትቆፍር። እዛ ሥር የእኔ ልጅ ደም አለ፣ የይታይሽ ወንድም ደም አለ። ወላሂ፣ ቆፈርክ ማለት ኻላስ፣ አለቀ፣ ሁሉም ተነሣ ማለት ነው።»

እርስዎም በዚያ በሚያምር ድምፅዎ «እናታችን ያነሡትን ባህላዊ እሴት በዲዛይኑ ውስጥ እናካትታለን» አሉ። ተጨበጨበ። የታሸገ ውኃም ታደለን።

እኔ ባለሥልጣን የገባውን ቃል ሲያጥፍ እንጂ ሲጠብቅ ስላላየሁ አላመንኩዎትም ነበር። ለዚህ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ ቃልዎን ጠብቀው በእውነትም አካተቱት።

አምስተኛ፣ እንዴት እንዳካተቱት።

ቆፋሪው መኪና ብረቶቹን ሲያወጣቸው ሠራተኞቹ «ቅርስ ተገኘ» ብለው እልል አሉ። ግብረ ኃይልዎም ገጀራውንና መጥረቢያውን አሳጥቦ፣ ቫርኒሽ አስቀብቶ፣ ከሲሚንቶው ማንጎ ሥር በመስታወት ሣጥን ውስጥ አጣምሮ ሰቀላቸው። ከበታችም በወርቃማ ፊደል «ጥንታውያን አባቶቻችን የተጠቀሙባቸው የእርሻ መሣሪያዎች፤ ዕድሜያቸው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ፤ የአብሮነታችን ምልክት» ተብሎ ተጻፈ።

የገጀራው እጀታ በብስክሌት ከመነዳሪ፣ በውስጠኛው ጎማ፣ የተጠቀለለ ነው፣ ክቡርነትዎ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በአሶሳ ብስክሌት ይነዳ እንደነበር ለዓለም ያበሰሩ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎትና ኩራታችን ነዎት።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፤ ያን ደም በምን ሳሙና አስለቀቃችሁት? የወንድሜን ሸሚዝ እናታችን እስክትሞት ድረስ እያጠበችው አልለቀቀላትም ነበር።

ስድስተኛ፣ ስለ ባጃጅ መቆሚያው።

የባጃጆችን መቆሚያ ከገበያው አንሥተው ልክ ከመስታወቱ ሣጥን ፊት ለፊት ስላደረጉት የከተማውን ውበት አስጠብቀዋል። ከባለ ባጃጆቹ አንዱ ሰራዊት ይባላል። ብሩክታይት ያን ጊዜ በሆዷ ይዛው የነበረችው፣ አባቱን በፎቶ ብቻ የሚያውቅ የወንድሜ ልጅ ነው። የግንባታው አጥር ከተነሣ ወዲህ ተረኛ እስኪሆን ድረስ ያን መስታወት እያየ ጫት ሲቅምና ከጓደኞቹ ጋር ሲሳሳቅ ሰነበተ። ብረቶቹን የማያውቃቸው ከመወለዱ በፊት ስለተቀበሩ ነው። እንግዶች ፎቶ አንሣን ሲሉት ያነሣቸው ነበር፤ «ጠጋ በሉ፣ ገጀራው ይግባ» እያለ።

እኛ የምናውቀው ሰዎች አካባቢው በቆርቆሮ ታጥሮ ስለከረመ አላየንም ነበር። ቆርቆሮው በተነሣ ሳምንት ብሩክታይት ከገበያ ስትመለስ በዚያ አለፈች። ቆመች።  የያዘችውን ዘይት ለቀቀችው፣ ነጠላዋን ከአንገቷ አውልቃ ወገቧ ላይ አሠረችና ልክ እንደ ለቅሶ ቤት ደረቷን መምታት ጀመረች። ሰራዊት ከባጃጁ ዘሎ ወርዶ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ምን ነካሽ?» ሲላት በጣቷ ወደ መስታወቱ አመለከተችና «አባትህ» አለችው።  አጠገባቸው የነበረ አንድ ጎብኚ «ጎንበስ በሉልኝ፣ ጽሑፉን ጋረዳችሁኝ» አላቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ከሁለት ሰው የሰማሁትንና ሌላውን በዓይኔ ያየሁትን አቀናብሬ ነው የምነግርዎት። ሰራዊት መስታወቱን በግንባሩ ሊሰብረው ሞክሮ ደም በደም ሆነ፣ ከዚያ በድንጋይ ሰበረው። ክንዱ እስከ ክርኑ ተተለተለ። ገጀራውን ይዞ ባጃጁን እዚያው እንደቆመች ትቶ ወደ እነ ዓብዱልላጢፍ ቤት ሮጠ። ልጆች እየጮኹ መጥተው ሲነግሩኝ እኔ ሊጥ በእጄ እንደያዝኩ፣ ጫማዬ የት እንደወደቀ ሳላውቅ ተከተልኩት።

ዓብዱልላጢፍ በረንዳው ላይ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ወንበር ይሠራ ነበር። ሽማግሌ ሆኗል፤ አንድ ዓይኑ ፈዟል። ቀና ብሎ መጀመሪያ ያየው ሰውየውን ሳይሆን ገጀራውን ነው። «እሱን አውቀዋለሁ፤ ጎማውን ያሠርኩት እኔ ነኝ» አለ። ሰራዊት አንገቱን ፈልጎ ሰነዘረ። ሽማግሌው ክንዱን አነሣ። ገጀራው ከክርኑ በላይ ገብቶ አጥንቱ ላይ ሲቆም የተሰማውን ድምፅ እኔ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንጨት ሲፈለጥ ስሰማ ምግብ አይወርድልኝም።

እዚህ ላይ ለግብረ ኃይልዎ ከልቤ የማቀርበው አንድ ምስጋና አለ፤ ቀልድም አይደለም። ያ ቫርኒሽ ስለቱን አድፍኖት ነበር። ቫርኒሹ ባይኖር የሰውየው ክንድ መሬት ላይ ነበር። ከሠራችሁት ሁሉ ሰው የጠቀመ ሥራ እሱ ነው።

ኢቲዳል ከጓሮ እንደ ነብር መጥታ የሰራዊትን እጅ ነከሰች፤ ገጀራው እስኪወድቅ ድረስ አልለቀቀችም፣ ጥርሷ የገባበት ምልክት ዛሬም አለ። እኔ የወንድሜን ልጅ ገና ባልተጨረሰ የቀርከሃ ወንበር እግር ጀርባውን፣ ጭንቅላቱን፣ ያገኘሁትን ቀጠቀጥኩት። አንዴ አላስቆመኝም። መሬት ላይ ተቀምጦ የሰውየውን ክንድ እያየ አስታወከ። ዓብዱልላጢፍ ደሙ እየተንዠቀዠቀ «ይታይሽ፣ ተው፣ ትገድለዋለህ» አለኝ። የቤቱ ሰው ሁሉ አማርኛው አንድ ነው።

ፖሊስ ሲደርስ ኢቲዳል ገጀራው ላይ ተቀምጣ ልብሷን ዘርግታበት ነበር። «መሣሪያው የታለ?» አሏት። «የምን መሣሪያ?» አለች፤ «መሣሪያ የለም። ቅርስ ነው የነበረ፣ ሦስት መቶ ዓመት። መንግሥት ጋ ጠይቅ።»

ሰባተኛ ይሁን ስምንተኛ እንጃ፣ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፤ ብቻ የመጨረሻው ነው።

ሰራዊት ታስሯል፤ ሕግ የሚለውን ይበል፣ ለእሱ አልከራከርም። ዓብዱልላጢፍን ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቀው «የልጁ እጅ ቀላል ነው፤ ከእኔ እጅ ይቀላል» ብሎ ሳቀብኝ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ከበሩ ውጭ የቆሙት ሁለቱ ልጆቹ አልሳቁማ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው የወሰኑት አንድ ነገር ነው። የሰውየው ቁስል ከመድረቁ በፊት ሁለቱም ብረቶች ተመልሰው ከተቀበሩ ይህ ደም እንዳልፈሰሰ ይቆጠራል። ቁስሉ ከደረቀ ግን አዲስ ደም ነው፣ አዲስ ደም ደግሞ መላሽ አለው።

ገጀራው እኛ ዘንድ ነበር። መጥረቢያው ግን እርስዎ ዘንድ ነበር። የእርስዎ ግብረ ኃይል ደግሞ በዚያው ቀን «ቅርሳችን ተዘርፏል» የሚል መግለጫ አውጥቶ፣ ለቀረው መጥረቢያ ወፍራም መስታወት፣ ቁልፍና ዘበኛ አቆመለት። ምረቃውም በተያዘለት ቀን እንደሚከናወን፣ የተዘረፈውም እስከዚያ እንዲመለስ አሳሰበ። እኔና ኢቲዳል ቢሮዎ ደጅ ተመላልሰን ስንለምን ጸሐፊዎ «ቅርስ የሕዝብ ነው፣ ለግለሰብ አይሰጥም ብለዋል» አለችን። ኢቲዳል «ልጄን የገደለው የሕዝብ ሆነ?» አለቻት። ጸሐፊዎ ደግ ልጅ ናት፤ አንገቷን ደፋች።

በእነዚያ ቀናት ከኢቲዳል የቀሩ ልጆች ትልቁ በየጠዋቱ መስታወቱ ፊት እየመጣ ይቆም ነበር። ወንድሙ ወንዝ ዳር ሲሞት እሱ ጀርባዋ ላይ የታዘለ ሕፃን ነበር። አንድ ቀን አንገቱን ዘንበል አድርጎ የመጥረቢያውን እጀታ በዓይኑ ሲለካ አየሁት። በማግስቱ የእኔ የበኩር ልጅ አጎቱን አንለይን ጉልት ድረስ ሲያጅበው፣ ከጃኬቱ ሥር የሆነ ነገር ሲደብቅ አየሁ። አንዱንም አላናገርሁም። ወንዶች በዚህ ጊዜ ምክር አይሰሙም፤ ኢቲዳል ጋ ሄድሁ እንጂ።

እንግዲህ በማግስቱ ከቀትር በፊት በአደባባዩ ስለታየው «የአካባቢው እናቶች ባህላዊ ትዕይንት» የግብረ ኃይልዎ ገጽ ያወጣውን ቪዲዮ ዓይቼ በጣም ደስ ብሎኛል። ካሜራ ያዡ ጥሩ ልጅ ነው። ከሁለቱ መንደሮች የወጣነውን ሴቶች በሙሉ፣ ነጠላችንን አገልድመን፣ ደረታችንን እየመታን፣ ፊታችንን እየነጨን በሲሚንቶው ማንጎ ዙሪያ ስንዞር አሳምሮ ቀርጾናል። ብሩክታይት ስታስለቅስ ድምፁን ከፍ አድርጎታል። ኢቲዳል የልጇን ስም ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ስትጠራ ያለው ቦታ ላይ ሙዚቃ ጨምሮበታል፤ ለምን እንደጨመረ ባይገባኝም ዜማው ደስ ይላል። ከሥሩ «ደማቅ ባህላችን፣ ለቱሪዝማችን» ብሎ ጽፏል፣ ሕዝብም ወዶታል። እኛ ትዕይንት እያሳየን እንደነበር ስላላወቅን ግን በሚቀጥለው ጊዜ አስቀድማችሁ ብትነግሩን ፊታችንን ታጥበን እንመጣለን።

ዘበኛውን አይቅጡት። እኛ ወደ ሣጥኑ ስንጠጋ ጀርባውን ሰጥቶ የማንጎውን ውበት ሲያደንቅ ነበር፤ የተሠራው ለዚሁ አይደል? ቁልፉም በራሱ የተከፈተ ይመስላል። መቼም የሦስት መቶ ዓመት ዕቃ ያለበት ቦታ ብዙ ነገር ይሆናል።

ሣጥኑ ለምረቃው ባዶ ሆኖ እንዳያሳፍርዎት ኢቲዳል ያልተጨረሰውን የቀርከሃ ወንበር እግር ልካልዎታለች። ጫፉ ላይ ትንሽ የሰራዊት ደም አለበት፣ አላጠብነውም። ዕድሜውን እርስዎ ይጻፉበት።

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ ለከተማችን ውበት ስለሚደክሙልን፣ ያላየነውን ስላሳዩን፣ የተቀበረውን ስላወጡልን በሁለቱ መንደሮች እናቶች ስም ከምድር እስከ ሰማይ የሚደርስ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ዕድሜዎ ይርዘም፤ እንደ ቅርሶችዎ። ሲያስነጥስዎ የሚያምዎት፣ ሲራመዱ የሚያደናቅፍዎት አይኑር፤ የሚያከብርዎት ይብዛ።

በታላቅ ትሕትና እስከ ጉልበትዎ ዝቅ ብዬ የምሰናበትዎ፣

ይታይሽ፣ የማስረሻ እህት፣ የአንለይ እህት፣ የሰራዊት አክስት
ከዚህ በታች በአውራ ጣቷ የፈረመችው ኢቲዳል፣ የዓብዱልላጢፍ ሚስት፣ የሟች እናት
አሶሳ

ማስታወሻ፦ ሁለቱም ብረቶች ተቀብረዋል፤ የዓብዱልላጢፍ ቁስል ገና እርጥብ ነበር፣ ሽማግሌዎቹም አይተው መስክረዋል። እንደ ደንቡ በእጃችን ቆፈርን። ማንጎው ሥር ስላልሆነ እዚያ አይፈልጉት። የቀረው ደንብ አልተለወጠም፤ ብረቱን ያወጣ ሰው ደሙን ይሸከማል፤ የኢቲዳል ልጆችም የእኔ ልጆችም ይህን ሰምተው ምለዋል። እንግዲህ ስድስት ድንቆች ይቀሩዎታል፣ ሁሉም መሠረት ይፈልጋሉ። አሶሳ ውስጥ አንዲት አካፋ ከመሰንዘርዎ በፊት ብረቶቹ እዚያ ይሁኑ አይሁኑ መጥተው ይጠይቁን። እኔና ኢቲዳል ጠዋት ጠዋት ቤት ነን።